እንግዳ ከበሮ



ሐምሌ 7 ቀን ለሚውለው የሥላሴ በዓል ከመርሐቤቴ ወደ መንዝ ደጋ የወጣ መዘምር የማያውቀው ከበሮ ይቀርብለታል። በክረምቱ ጉም ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ውጥረቱ በግማሽ ቢቀንስ ከንዝረቱ ፍጥነት 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል። እንግዳው ድምፅ ፍለጋ እጁን ቢያከብድ፣ የላላ ቆዳ እጅን ቶሎ አይመልስምና ምቱ ይጎተታል። በመረግድ ይህ ብዙም አይታወቅም (እኔማ ጨርሶ አልለየውም)፤ በጽፋት ግን ጸናጽሉም ጭብጨባውም ከበሮውን ስለሚከተሉ ማኅሌቱ በሙሉ ይናጋል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አስቀድሞ ሰፊውንና ጠባቡን አፍ በጣቱ ይፈትናል፤ ማንገቻውን በቁመቱ ልክ ያስተካክላል፤ ቆዳውን እንዳይሰነጠቅ እየተጠነቀቀ በፀሐይ ወይም ከእሳት ዳር ያሞቃል። ሙቀቱ ግን ሌሊቱን አያዘልቅም። ጽፋቱ ሲደርስ ከበሮውን ጠባዩን ለሚያውቀው ለደብሩ መዘምር ማስረከቡ ይሻላል ባይ ነኝ።