ጉንፋን ነው ወይስ አለርጂ? (በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔያችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከለቅሶ ቤት ድንኳን ጭኖ ሲመለስ የነበረው ሾፌራችን ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱ ላይ ማንቀላፋቱን ታስታውሳላችሁ። መኪናው ቦይ ገብቶ ቆመ እንጂ ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነበር። ሰውዬው ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ሲያስነጥሰው አይተው አንዲት እናታችን ከቦርሳቸው ክኒን አውጥተው ሰጡት። ክሎርፌኒራሚን ነበረች። ሁላችንም እዚያው ተቀምጠን ነበር፤ አንዳችንም ምንድን ነው ብለን አልጠየቅንም።

ክኒኗ ክፉ አይደለችም። ማስነጠስን፣ የዓይንና የአፍንጫን ማሳከክ ታስታግሳለች፤ ግን ታስተኛለች። ሽንት ለሚያስቸግራቸው አባቶችም ጭራሽ ልታግድባቸው ትችላለች። ቀን ለሚሠራ ሰው ሎራታዲን ይሻላል። ሴቲሪዚንም አለ፤ እሱም ቢሆን አንዳንዱን ሰው ያስተኛል።

እነዚህ እንግዲህ የአለርጂ ናቸው። ዓይን የሚያሳክክ፣ ንፍጡ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ትኩሳት የሌለው፣ አቧራና ጭስ ሲነሣ የሚብስ ከሆነ አለርጂ ነው ብለን እንገምታለን። ጉሮሮ ከከረከረ፣ ሰውነት ከተቆራረጠ ግን ጉንፋን ነው። ጉንፋን ከቫይረስ ስለሚመጣ አሞክሳሲሊን አይነካውም፤ በሳምንት በአሥር ቀን ራሱ ይሄዳል። ማረፍ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል፣ በቃ።

ፓራሲታሞል ካልን አይቀር፣ «የጉንፋን» ተብሎ የሚሸጠው ቅልቅል ክኒን ብዙውን ጊዜ ፓራሲታሞል በውስጡ አለበት። እሱን ውጦ በላዩ ሌላ ፓራሲታሞል የሚደርብ ሞልቷል። ለጤነኛ ዐዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለት ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ክኒን ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። አፍንጫ ይከፍታል ተብሎ የሚቀላቀለውን ፌኒሌፍሪንን ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አማካሪዎች በመስከረም 2016 ዓ.ም. መርምረው፣ በአፍ ሲወሰድ አይሠራም ብለዋል። ገንዘባችንን ለምን እንደምናወጣ እንግዲህ አስቡት! ስዶኤፌድሪን ይሠራል፤ ነገር ግን ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። አፍንጫ ውስጥ የሚጨመረው ጠብታም ከ5 ቀን በላይ ከቆየ መልሶ ይደፍናል።

ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳቱ ከ3 ቀን በላይ ካልበረደ የክኒን ምርጫ የለም፤ ጤና ጣቢያ ነው፣ ካስፈለገም ጳውሎስ።

ሾፌራችን ደኅና ነው። እናታችን ግን እስከ ዛሬ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ የሁላችን ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ወስኗል፦ ለቅሶ ቤት ክኒን መሰጣጣት ቀርቷል፤ ሾፌሩ መድኃኒት ከወሰደ ያን ቀን መኪናውን ሌላ ሰው ይነዳል።