በማረፊያና በከተማ መካከል
(ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)



«ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ፍችው ጉዞ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የዛሬው አገር ጎብኚ ቃሉን የሚረዳው አንበሳና ዝሆን የሚታይበት ሰዓት አድርጎ ነው። ከከተማ እስከ ሎጅ፣ ከአንዱ ሎጅም እስከ ሌላው ያለውን መንገድ እንደ ባከነ ጊዜ ይቆጥረዋል። የመርሐ ግብር አዘጋጆችም ይህንኑ አሳብ ሲያባብሱት ይታያሉ፤ ኪሎ ሜትሩን ከካርታ ላይ ለክተው ሰዓቱን ያካፍላሉ።

የሰሜን ታንዛንያን መንገድ በምሳሌነት መመልከት ይበቃል። ከአሩሻ ከተማ እስከ ሴሮኔራ፣ ማለትም እስከ ሴሬንጌቲ እምብርት ድረስ ያለው ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አስፋልቱ ምቶ ዋ ምቡንና ካራቱን አልፎ እስከ ንጎሮንጎሮ ጥብቅ ስፍራ በር ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በአመዛኙ አቧራ የሚጨስበት ኮረኮንች ነው። መኪናው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው አፋፍ ሲወጣ፣ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች የሰመጠው የጥንቱ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ከነሐይቁ ይታያል። አፋፉን አልፎ ሜዳው ላይ ሲወርድ ማሳዮች ከብቶቻቸውን ይነዳሉ፤ ከመንገዱ ማዶ የሜዳ አህያ ይግጣል። እ.ኤ.አ. በ1959 ንጎሮንጎሮ ከሴሬንጌቲ ተለይቶ ሰውና አራዊት አብረው እንዲኖሩበት ተወስኖ ነበር። መንግሥት ከ2022 ጀምሮ ነዋሪዎችን ወደ ምሶሜራ ማዛወር በመያዙ ያ ውሳኔ ዛሬ የብርቱ ክርክር ምክንያት ሆኗል። ይህን ሁሉ በአውሮፕላን የሚያልፍ እንግዳ ከቶ አያየውም።

እንግዲያስ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ቢሆን አይሻልምን? ጥያቄው ቀላል መስሎ አገር አሟግቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታንዛንያ መንግሥት የሴሬንጌቲን ሰሜናዊ ክፍል አቋርጦ የሚያልፍ አውራ ጎዳና ለመሥራት አቀደ። ፓርኩን የሚያቋርጠው ክፍል 53 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው የዊልደቢስት መንጋ (የሰንቀሌው ቆርኬ የቅርብ ዘመድ ነው) ውኃና ሣር ፍለጋ ወደ ኬንያው ማሳይ ማራ የሚተምበት መተላለፊያ ነው። በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት መንገዱን በአስፋልት መሥራቱ ሕግን የሚጻረር ነው ሲል ፈረደ። ፍርዱ የተገባ ነው። ሆኖም በፓርኩ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬና አርብቶ አደር መንገድ የሚሻው ለመዝናኛ ሳይሆን ለሐኪም ቤትና ለገበያ ነውና፣ በደቡብ ዞሮ የሚሄደው አማራጭ ሳይሠራለት ታገሥ ቢሉት ቅር መሰኘቱ አያስወቅሰውም።

የድንበሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች። በ1983 ድንበሩ ቢከፈትም፣ ሴሬንጌቲን ከማራ የሚያገናኘው የቦሎጎንጃ ኬላ ለአገር ጎብኚ ዝግ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህም በሰሜን ሴሬንጌቲ ያደረ እንግዳ፣ መንጋው በጥቂት ሰዓት የሚሻገረውን ርቀት በሲራሪና በኢሴባኒያ በኩል ዞሮ ቀኑን በሙሉ ይጓዛል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው እንግዳ ሹፌሩን ይወቅሳል። የተነገረው ግን ስንቁን ይዞ ማለዳ ይነሣል፤ በታሪሜ ገበያም መኪናውን አስቁሞ ሙዝ ይገዛል።