የሕፃናት ስሜትና የጨዋታ ጥቅም

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሕፃናት ጨዋታ ጥቂት ቃላት ላሰማችሁ እወዳለሁ። ጨዋታ ሲባል ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። ብዙዎቻችን ከመሥሪያ ቤት ደክመን ስንገባ በግቢው ውስጥ የሚሰማውን የልጆች ጫጫታ ዝም ልናሰኘው እንጂ ልናዳምጠው አናስብም። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ሐሳቤን የለወጠው በሐረር ከተማ የደረሰብኝ ነገር ስለ ሆነ፥ ንግግሬን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ዝውውር ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ሄድሁ። ቤት የተከራየነው ከጁገል ግንብ ውጭ፥ በፈላና በር በኩል ነበር። ሐረር ጅብ እንግዳ የማይሆንባት ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ ላይ ጅቦች በሌሊት የሚተላለፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በየምሽቱም ከግንቡ ውጭ ሰዎች ጅቦቹን በስም እየጠሩ ሥጋ ያጐርሷቸዋል። ይህ ለከተማው ተወላጅ የተለመደ ነው፤ ለስድስት ዓመቱ ልጄ ግን የመጀመሪያው ሌሊት ጩኸት ሰማይ የተደፋበት ያህል ሆነበት። እያለቀሰ ወደ አልጋችን ሲመጣ፥ «ወንድ ልጅ ጅብ አይፈራም፥ አያለቅስምም፤ ሂድና ተኛ» ብዬ መለስሁት። በማግሥቱ አላለቀሰም፤ በሣልስቱም አላለቀሰም። እኔም ልጄ ጐበዘ ብዬ ደስ አለኝ።

ከወር በኋላ አንድ ቀን ጧት በትራሱ ላይ መግል አየን። ወደ ሐኪም ብንወስደው ጆሮው መመርቀዙንና ታምቡሩ መቀደዱን ነገረን። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ በሕመም ሲሠቃይ ኖሯል። «ለምን አልነገርኸንም?» ብዬ ብጠይቀው፥ «አባዬ፥ አታልቅስ ብለኸኝ የለም?» አለኝ። ጆሮው በሕክምና ዳነ፤ ያ መልስ ግን ከእኔ ጆሮ እስከ ዛሬ አልወጣም።

በዚያው ሰሞን አንድ የሐረሪ ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ በጁገል ውስጥ ወዳለው ቤቱ ጋበዘን። ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፥ ልጆች በግቢው ውስጥ የጅብ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አንዱ በአራት እግሩ እየሄደ ጅብ ይሆናል፤ ሌላው በእንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አንጠልጥሎ ያጐርሰዋል፤ የቀሩት ይሸሻሉ፥ ይሥቃሉ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ ያያል። ተነሥቼ ልገፋው ስል፥ የባልደረባዬ እናት እጄን ያዙና «ተወው ልጄ፤ እሱ ራሱ ሲፈልግ ይግባ» አሉኝ። ጥቂት ቈይቶ ገባ። መጀመሪያ ከሸሺዎቹ ጋር ሸሸ፤ ቀጥሎ አጕራሽ ሆነ፤ በመጨረሻም ራሱ ጅብ ሆኖ ግቢውን በጩኸት አናወጠው። ወደ ቤታችን ስንመለስ እጄን ይዞ፥ «አባዬ፥ ሌሊት ሲጮኽ ሆዴ ባር ባር ይለኛል፤ አሁንም ትንሽ እፈራለሁ» አለኝ። ከዚያ በፊት ከነበረው ዝምታው ይልቅ ይህን ቃል ጀግንነት አልሁት።

አድማጮች ሆይ፤ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ከእኛ ቀድመው አስተውለዋል። በ1934 እ.ኤ.አ. የሞተው ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ፥ በጨዋታ ውስጥ በሽተኛ የሆነ ልጅ እንደ በሽተኛነቱ እያለቀሰ እንደ ተጫዋችነቱ ግን እንደሚደሰት ጽፏል። በጨዋታ ውስጥ ፍርሃቱም መድኀኒቱም በልጁ እጅ ናቸው፤ ሲበዛበት «በቃኝ» ይላል። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች፥ ዐዋቂ ሰዎች በሥዕል የሚያዩትን የፍርሃትና የቍጣ ፊት በስሙ ሲጠሩት፥ ድንጋጤን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ሥራው እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

እኛ የቢሮ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ባዶ የሆነ ማመልከቻ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ይከርማል፥ ውሳኔም አያገኝም። ስሙ ያልታወቀ ስሜትም እንዲሁ በልጅ ሰውነት ውስጥ ይዞራል። አንድ ቀን የሆድ ቁርጠት፥ አንድ ቀን የአልጋ ማርጠብ፥ አንድ ቀን ታናሽን መምታት ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ ደግሞ ቋንቋችን ድኻ አይደለም። ሆድ ይብሳል፥ ሆድ ይባባል፥ አንጀት ይላወሳል፥ ልብ ይርዳል፤ ሰው ይከፋዋል፥ ያፍራል፥ ይቀናል፥ ይናፍቃል። ሐረሪኛ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛና ሶማሊኛ በሚሰሙባት በሐረር ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ያለቅሳል፤ ባለቀሰበት ቋንቋ ስሜቱን እንዲሰይም እንርዳው።

መጫወቻውም ገንዘብ አይጠይቅም። በኩኩሉ ጨዋታ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዶሮ ሲጣራ የተደበቁት ገና እንዳልነጋ ይመልሱለታል፤ በዚህ ውስጥ ልጅ መጠበቅን፥ መደንገጥንና መገኘትን ያለ አደጋ ይለማመዳል። በእቃቃ ጨዋታ እናትና አባት ሲሆኑ ጆሯችንን ብናዘነብል፥ የራሳችንን ቍጣ በእነሱ አፍ እንሰማለን። በተረት ጊዜ ጅቡ ከፍየሏ ደጅ ሲደርስ ትንሽ ቆም ብለን፥ «ፍየሏ አሁን ምን ተሰማት? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» ብለን እንጠይቅ። እንቆቅልሽም በፊት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ያዘነ ወይም ያፈረ ሰው ፊት ያሳያል፥ ሌሎቹ ስሜቱን ይገምታሉ። በሰኞ ማክሰኞ ተሸንፎ ሲቈጣም «መናደድህ አያስነውርም፤ ጓደኛህን መምታት ግን አይፈቀድም» ማለት ይገባናል።

ሁለት ነገሮችን ግን አደራ እላለሁ። አንደኛ፥ ልጅ የነገረንን ፍርሃት በእንግዳ ፊት መሣቂያ አናድርገው፤ ወደሚፈራውም ነገር በግድ አንግፋው። ሁለተኛ፥ እንቅልፉ ወይም ንግግሩ ለሳምንታት ከተለወጠ ጨዋታ ብቻውን ስለማይበቃ ባለሙያ እናማክር።

አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ልጅ የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍም ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ የሚያስተምሩበትን ዘዴ አካቷል። ይሁን እንጂ የትኛውም ድንጋጌ በየቤታችን ገብቶ ከልጆቻችን ጋር መሬት ላይ አይቀመጥም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

ዛሬ ማታ ጋዜጣችንን ለሩብ ሰዓት አጥፈን እናስቀምጥና ከልጆቻችን ጋር እንጫወት። ዛሬ ጅብ መፍራቱን ያለ ኀፍረት የነገረን ልጅ፥ ነገ ጆሮው ሲያመው ወይም ክፉ ሰው ሲነካው ለማን እንደሚናገር ያውቃል።