በጓሮ ስለሚተከሉ የፍሬ ዛፎች የተሰጠ ንግግር

የሰሜን ጎንደር ደገኞች ሆይ፤

የዳባትና የደባርቅ ብርድ ለፖምና ለኮክ ይስማማል፤ ማንጎን ግን ውርጭ ይገድለዋልና አትድከሙበት።

ጉድጓዱን በግንቦት 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ የላዩን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሉ። ክረምቱ ሲገባ ትከሉ፤ ችግኙ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ ሥራው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ችግኝ የሚገድለው የመጀመሪያው በጋና የፍየል ጥርስ ነው። ፍየሏ የራሳችሁም ብትሆን አትመኗት! በእሾህ እጠሩ፤ ዙሪያውን በገለባ ሸፍኑ፤ ሳሙና ያልነካው እጣቢ አይደፋ፤ ለችግኙ ይሁን።

ፖም ብቻውን ሲተከል አበባው ብዙ፥ ፍሬው ጥቂት ነው። ስለዚህ አና የሚባለውን ከዶርሴት ጎልደን ጋር አጎራብቱ፤ ንብ የአንዱን ብናኝ ለሌላው ታደርሳለች። ቦታ ከጠበባችሁ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አንዳንድ ትከሉ። ጎረቤት እንቢ ካለ ኮክ ትከሉ፤ እርሱ ብቻውንም ያፈራል።