አፍ መፍታትና ፊደል መቁጠር



ልጅ መማር የሚጀምረው ከየኔታ ፊት በተቀመጠ ቀን ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሕፃን ገና በማኅፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ ይሰማል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ የወጣ ምርመራ እንዳስረዳው፥ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የእናቱን ድምፅ ለመስማት ሲል የአጠባቡን ስልት ይለውጣል። በስድስት ወር ገደማ «ባባ፥ ማማ» እያለ ድምፅን ይለማመዳል፤ በዓመቱ ገደማ አፉን ይፈታል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው «እማ ውኃ» ብሎ ቃልን ከቃል ያጋጥማል። ይህን የሚያስተምረው መጽሐፍ ሳይሆን የሚያነጋግረው ሰው ነው። ስለዚህ እናት ስታጥበውና ስታጐርሰው የነገሩን ሁሉ ስም እየጠራች ብታጫውተው፥ ላጉተመተመውም መልስ ብትሰጠው፥ የመጀመሪያይቱ መምህርት እርስዋ ናት።

ነገር ግን ሲጠሩት የማይዞር፥ ወይም በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያላጋጠመ ልጅ ቢኖር፥ «ዘግይቶ ነው፤ ይፈታል» ብሎ መተው አይገባም። ጆሮ ያልሰማውን አንደበት ከወዴት ያመጣዋል? ፈጥኖ ወደ ሐኪም ወስዶ ጆሮውን ማስመርመር ይገባል።

ወደ ፊደልም በደረሰ ጊዜ አባቶች ያዘጋጁት ጥበብ አለ። ልጅ ሀሁን በዜማ ይማራልና ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ከሀ እስከ ፐ ሊወርደው ይችላል፤ ይህም ቃል መያዝ ነው እንጂ ፊደል ማወቅ አይደለም። ስለዚህ የኔታ በስንደዶ እያመለከተ አቡጊዳን ያስቈጥረዋል። አ ግዕዝ፥ ቡ ካዕብ፥ ጊ ሣልስ፥ ዳ ራብዕ፥ ሄ ኃምስ፥ ው ሳድስ፥ ዞ ሳብዕ ናቸውና፥ የለመደው ተራ ሲፈርስበት 231ዱን ፊደል በየመልካቸው ሊለይ ግድ ይሆንበታል። ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ የሚሻገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ፊደል ሳይለይ የተሻገረ ልጅ ግን በዜማው ተሸፍኖ ይቈይና፥ በንባብ ጊዜ ሲጋለጥ ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል። ስንፍናው የልጁ አይደለም፤ ሳይፈትን ያሳለፈው መምህር ነው። አለንጋም ፊደልን አስጠልቶ ያሸሻል እንጂ ዓይንን አያበራም።

እንግዲህ ድምፅ ሰም፥ ትርጓሜም ወርቅ ከሆነ፥ ሁለቱን አስቀድማ የምታስማማለት እናት ናት፤ መምህር የሚያንጸው በእርስዋ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ እናት ታነጋግር፤ አባት ልጁን ያድምጥ፤ መምህርም ይታገሥ።