ትንሹ የአፈር ግድብ



ከመካከላችሁ ብዙዎች በየዓመቱ ለመስቀል በዓል ወደ ጉራጌ አገር ትገባላችሁ። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ አታት ስትደርሱ፥ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ምድሩን ለምልሞ ታገኙታላችሁ። አባት ወይም ወንድም በበጋ ጎመኑንና ቃሪያውን የሚያጠጣበት ግድብ ከአፈር ከምሮ ሠርቶ እንደ ሆነ፥ ውሃው እስከ አፉ የሚሞላው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ ግድቡን ለመመርመር ከመስቀል የተሻለ ጊዜ የለም።

«ትንሽ ነው፥ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 50፥ ወርዱ 40፥ ጥልቀቱ በአማካይ 3 ሜትር የሆነ ኵሬ 6,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። አንዱ ሜትር ኩብ 10 ኩንታል ስለሚመዝን፥ ትንሽ የተባለው ኵሬ 60,000 ኩንታል ነው ማለት ነው። ከበታቹም የጎረቤት ቤት፥ እንሰትና የሕፃናት መመላለሻ መንገድ አለ።

በጎረቤታችን በኬንያ፥ በናኩሩ ግዛት ሶላይ በተባለ ስፍራ፥ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ከብርቱ ዝናም በኋላ ተንዶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በአሜሪካም በ1881 ዓ.ም. ከጆንስታውን ከተማ በላይ የነበረ፥ የባለጠጎች ማኅበር ንብረት የሆነ የአፈር ግድብ ፈርሶ 2,209 ሰዎች አልቀዋል። ይህንን ግድብ ያጠፋው ዝናሙ ብቻ አልነበረም። የቀድሞው ባለቤት ከሥሩ ውሃ የሚያስወጡትን ቧንቧዎች ነቅሎ ሸጧቸው ነበር፤ ማኅበርተኞቹም አልተኳቸውም። ሠረገላ እንዲያሳልፍ ሲሉ የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት፤ ዓሣቸው እንዳያመልጥም በትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ወንፊት ተከሉ። በጎርፉ ቀን ወንፊቱ በግንድና በጉድፍ ተደፈነ፤ ውሃውም በግድቡ አናት ላይ ሄደ። ይህ ሁሉ ለዓሣ ሲባል!

የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ከሄደበት ይሸረሸራል እንጂ አይቆምም። በጎን በኩል በጠንካራ መሬት ላይ የተቆፈረ ሰፊ የትርፍ ውሃ መውጫ ከሌለው፥ ወይም ባለቤቱ ውሃ እንዲበዛለት ብሎ መውጫውን በጆንያ አፈር ከደፈነው፥ መፍረሱ የአንድ ብርቱ ዝናም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጠላት በሆዱ ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ በጉራጌ አገር ምን ያህል እንደ ተወደደ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በግድብ ላይ አይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ ቀዳዳ ይተዋልና። ፍልፈልና ጃርትም እንደዚሁ ይቦረቡሩታል። እንግዲህ ወደ ግርጌው ወርዳችሁ ተመልከቱ። የሚያዣው ውሃ ጥቂትና ጥሩ እንደ ሆነ ምልክት አድርጋችሁ ጠብቁት፤ ከደፈረሰ ግን አፈሩን ከውስጥ እያጠበ ያወጣዋል ማለት ነውና ለነገ አይባልም።

ድፍርሱን ያያችሁ እንደ ሆነ፥ አስቀድማችሁ ከግድቡ በታች ያሉትን ሰዎች ከነከብቶቻቸው ከፍ ወዳለ ቦታ አስወጡ። ወደ ወረዳው የግብርና ወይም የውሃ ጽሕፈት ቤትም መልእክት ላኩ፤ ማስወጫ ካለው ውሃውን በዚያ ቀስ በቀስ አጉድሉ። አካፋ ይዞ ግድቡን ቆርጦ ለማፍሰስ የሚነሣ ሰው አይታጣምና ከልክሉት፤ እርሱ የቀደዳት ጠባብ ቦይ በውሃው ኀይል ወዲያው ሰፍታ ግድቡን በሙሉ ትወስደዋለች።