የምንወዳቸው ሞተሮች ምን ያስተምሩናል?

በሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የቀለለ ሊመስል ይችላል። ሞተር ወዳጆች በተገናኙበት ሁሉ የማይሰለቹት አንድ ክርክር አለ፤ «ከአውሮፕላንና ከመኪና ሞተሮች ሁሉ አንተ የምትወደው የትኛውን ነው?» የሚል። መልሱ እንደየሰዉ ቢለያይም ጥቂት ስሞች ደጋግመው ይነሣሉ። እኔ የውስጥ ቃጠሎ ሞተርን ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ክርክር እንደ ጨዋታ ብቻ አላየሁትም። ሰዎች አንድን የብረት ሥራ፣ የተሠራበት ዘመን ካለፈ በኋላም እንኳ፣ የሚወዱት ለምንድን ነው? ይህ የስሜት ብቻ ሳይሆን የምሕንድስናም ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን ደግሞ ጥያቄው ዛሬ የተለየ ክብደት አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች «ሊቀር የተቃረበን ነገር ለምን እንማራለን?» እያሉ ይጠይቁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቁጣም በናፍቆትም ሊመለስ አይገባውም። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ በጣም የተወደዱት ሞተሮች የተወደዱት እንከን የለሽ ስለሆኑ ወይም በጉልበት ሁሉንም ስለሚበልጡ አይደለም። የሠሪዎቻቸው ሐሳብ ከብረቱ ላይ ስለሚነበብ ነው። ይህን ማንበብ የለመደ ሰው ነገ የሚመጣውንም ማሽን ያነብባል። ያልለመደ ግን የሌሎችን ሣጥን ከመለወጥ አያልፍም። ሐሳቤን በአራት ሞተሮች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የሮልስ ሮይስ ሜርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ ጣቢያ የተነሣ፣ 12 ሲሊንደሮች ያሉት፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ስፒትፋየርንና ሃሪኬንን፣ ኋላም ላንካስተርንና ሙስታንግን ያበረረው እርሱ ነው። ይዘቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 27 ሊትር ሆኖ ቀረ፤ ጉልበቱ ግን ከ1,000 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ተነሥቶ በመጨረሻዎቹ ዓይነቶች ወደ 2,000 ደረሰ። ሲሊንደሩ ሳይሰፋ ጉልበቱ እንዴት እጥፍ ሆነ? መልሱ በአየር ላይ ነው። ስታንሊ ሁከር የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1938 ድርጅቱን ተቀላቀለና የአየር መጭመቂያውን፣ ማለትም የሱፐርቻርጀሩን፣ አሠራር በስሌት መረመረ። በኋላ የመጣው ሜርሊን አየሩን በሁለት ደረጃ ጨምቆ፣ መልሶ አቀዝቅዞ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ ሆነ። ሁከር ሲሊንደሩን አላሰፋም፤ ነዳጁ የሚቃጠልበትን አየር ጨመረ እንጂ። እኛ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ይህ ትምህርት ይገባናል፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና።

ሜርሊን ግን እንከን ነበረበት። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በድንገት ወደ ታች ሲደፋ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሞተሩ መጀመሪያ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ቀጥሎ ደግሞ ነዳጅ ይጥለቀለቅበትና ያፍነዋል። የጀርመኖቹ ሜሰርሽሚት ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ በመሆኑ ይህ ችግር አልነበረበትም። ታዲያ እንግሊዞቹ ካርቡራተርን ለምን መረጡ? ነዳጁ ከመጭመቂያው በፊት ከአየሩ ጋር ሲቀላቀል እየተነነ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር የተጠጋጋ ነው፤ የተጠጋጋ አየር ጉልበት ይሰጣል። እንከኑ ከጥቅሙ ጋር የተጣበቀ ነበር ማለት ነው።

በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ትሠራ የነበረችው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1941 መፍትሔ አመጣች። በነዳጁ መስመር ላይ የምትገባ፣ ቀዳዳዋ በልክ የተሰላ፣ ትንሽ የናስ ቁራጭ ነበረች። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ እንዳያልፍ ትገድባለች። ችግሩን ጨርሳ ባታጠፋውም አደገኛውን መጥለቅለቅ አስቀረች፤ አውሮፕላኖቹንም ከግዳጅ ሳያስወጡ እዚያው ማረፊያቸው ላይ መግጠም ይቻል ነበር። ተማሪዎቼ፣ ሞተር ወዳጆች የሜርሊንን ድምፅ ያደንቁ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ሞተር ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህችን የናስ ቁራጭ ነው። ችግሩን ጠንቅቆ የተረዳ ሰው ትንሽ መፍትሔ እንደሚበቃው ታሳያለችና።

ሁለተኛው ሞተር ወደ እኛው አገር ያመጣናል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመበት አውሮፕላን ሲ-47 ነበር። አውሮፕላኑን የሚጎትቱት ሁለት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ትዊን ዋስፕ ሞተሮች ናቸው። የዚህ ዓይነት ሞተር ከ173,000 በላይ ተመርቷል፤ በአውሮፕላን የፒስተን ሞተሮች ታሪክ የሚወዳደረው የለም።

ትዊን ዋስፕ ውኃም ራዲያተርም የለውም። 14 ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ጨረር በሁለት ረድፍ ተደርድረው በሚነፍሰው አየር ይቀዘቅዛሉ። የኋላው ረድፍ ከፊተኛው ተሸሽጎ እንዳይነድድ በፊተኞቹ ሲሊንደሮች መካከል ባለው ክፍተት ትክክል ተቀምጧል፤ አየሩም በስስ ቆርቆሮዎች እየተመራ በእያንዳንዱ ክንፋፍ ላይ ያልፋል። በየረድፉ 7 ሲሊንደሮች የሆኑት ለምንድን ነው? 6 ወይም 8 ቢሆኑስ? በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያቃጥለው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን አንዱን እየዘለሉ ማቃጠል ይቻላል፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ ከዚያም 2፣ 4፣ 6። በየምቱ መካከል ያለው ርቀት እኩል ይሆናል፤ ሞተሩም ሳይንገጫገጭ ይዞራል። ሲሊንደሮቹን መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ የሠሪውን ሐሳብ ማግኘት ይችላል።

ይህም ሞተር የራሱ ጠባይ አለው። ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል፤ ሳይታሰብ ከተነሣ ፒስተኑ ዘይቱን መጭመቅ ስለማይችል ብረት ይታጠፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከማስነሣታቸው በፊት ፕሮፔለሩን በእጃቸው ያዞሩታል። ማሽኑ ሰውን ያስተምረዋል፤ ሰውም ማሽኑን ያውቀዋል።

ሦስተኛው የእሽቅድምድም ሞተር ነው፤ ኮስዎርዝ ዲ.ኤፍ.ቪ.። ኪት ዳክዎርዝ የነደፈው፣ ፎርድ ወጪውን የሸፈነው፣ 3 ሊትር ይዘትና 8 ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሆላንድ ዛንድቮርት በመጀመሪያ ውድድሩ ጂም ክላርክን አሸናፊ አደረገ፤ እስከ 1983 ድረስም 155 የፎርሙላ አንድ ውድድሮችን አሸነፈ። ከዚህ ሁሉ ቁጥር በላይ የሚያስደንቀኝ ግን አቀማመጡ ነው። ከሎተስ መኪና ጋር አንድ ላይ የታሰበ በመሆኑ ሞተሩ በአካሉ ላይ የተጫነ ዕቃ አልነበረም፤ ራሱ የአካሉ ክፍል ነበር። ፊቱ በጥቂት ብሎኖች ከሹፌሩ ጀርባ ጋር ይታሰራል፤ የኋላ እግሮቹ ጫና ደግሞ በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ ላይ ያርፋል። አንድ ብረት ሁለት ሥራ ሲሠራ ሌላ ብረት መሸከም ይቀራል። ከዚህም በላይ ሞተሩ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለሌሎች ቡድኖች በመሸጡ ትልቅ ፋብሪካ የሌላቸው ትንንሽ ቡድኖች እንኳ ከታላላቆቹ ጋር ለመወዳደር በቁ። ዕውቀት በገበያ ላይ ሲገኝ ውድድሩን ያሰፋዋል።

አራተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የአዲስ አበባን ዳገት ለአሥርት ዓመታት የወጣ፣ ላዳ። መነሻው ጣሊያናዊው ፊያት 124 ነው፤ በሶቪየት ኅብረት በቶሊያቲ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት ሲጀምር ግን ሞተሩ ሌላ ነበር። ካምሻፍቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቴስታታው ወጥቷል። ባትሪ በብርድ ሲደክም በእጅ ማስነሻ ብረት እንዲዞርም ተደርጓል። ይዘቱ 1.2 ሊትር፣ ጉልበቱ ከ60 የፈረስ ጉልበት ብዙም የማይርቅ ነው፤ ሱፐርቻርጀር ስለሌለው ደግሞ በእኛ ከፍታ ከዚያም ላይ ይቀነስለታል። ታዲያ ይህን ደካማ ሞተር ለምን ወደድነው? ስለሚከፈት ነው። ጥቂት ቁልፎች የያዘ ልጅ ከመምህሩ ጎን ቆሞ ሊማርበት ይችላል። የጋራዦቻችን ቃላት እንኳ ይህን ይመሰክራሉ፤ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን የምንለው ከጣሊያንኛ ነው። ቃሎቹ በመጽሐፍ አልመጡም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ነው የመጡት። ዕውቀቱም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ይህ ሁሉ ናፍቆት ነው፤ የቤንዚን ሞተር በመንገድ ላይ ከነዳጁ ጉልበት አብዛኛውን በሙቀት መልክ ይጥላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተቀበለው ጉልበት ከመቶ 90 በላይ ወደ ሥራ ይለውጣል» የሚል። እውነት ነው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ፣ ነዳጃችን ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑ ሲታከልበት ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ሜርሊን የጦርነት ልጅ መሆኑን፣ የላዳ ጭስም የከተማችንን ሳንባ መጉዳቱን መካድ አይገባም። ፍቅር ስሌትን መሻር የለበትም። እኔ የምሟገተው ሞተሮቹ እንዲቀጥሉ አይደለም፤ ያስተማሩን የማንበብ ልማድ ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበር ነው።

ሥጋቴ ባዶ አይደለም። አዲሱ መኪና ወደ ጋራዥ የሚገባው ተዘግቶ ነው። ባትሪው የታሸገ ነው፤ መቆጣጠሪያው በሶፍትዌር የተቆለፈ ነው፤ በመቶዎች ቮልት የሚቆጠረው ኤሌክትሪክም ያለ ሥልጠና የነካውን ይገድላል። የላዳን ሞተር የተማርንበት መንገድ፣ ማለትም ከፍቶ ማየት፣ እዚህ ብቻውን አይበቃም፤ አደገኛም ነው። ዩኒቨርሲቲው ይህን ክፍተት ካልሞላው ማን ይሞላዋል? ልምዱ በእጁ ያለ መካኒክ ንድፈ ሐሳቡ የለውም፤ ንድፈ ሐሳቡ ያለው ተመራቂ ደግሞ ብሎን ፈትቶ አያውቅም። ሁለቱ ካልተገናኙ፣ አንድ የባትሪ ክፍል በተበላሸ ቁጥር ሙሉውን ባትሪ ከውጭ የምናስመጣ ሕዝብ እንሆናለን።

የአራቱ ሞተሮች ትምህርት ግን ከአዲሱ መኪና ጋር ባዕድ አይደለም። የትዊን ዋስፕ የኋላ ረድፍ እንዳይነድድ የተደረገው ጥንቃቄ ዛሬ በባትሪው መካከል ያሉት ክፍሎች እንዳይግሉ ከሚደረገው ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ባትሪውን የመኪናው አካል ተሸካሚ ክፍል ለማድረግ የሚደረገው ጥረት የዳክዎርዝን ሐሳብ ያስታውሳል። የሺሊንግ ናስም ሥርዓትን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው አንዳንድ ጊዜ ልኩን የሚያውቅ ገደብ ብቻ እንደሆነ ዛሬም ይነግረናል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በወርክሾፓችን ያሉ አሮጌ ሞተሮች እንደ ቁርጥራጭ ብረት አይሸጡ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንዱን ፈትቶ ይግጠም። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ በተሟላ የደኅንነት ሥልጠና የሚፈቱበት ቦታ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ልምድ ያላቸው የጋራዥ ባለሙያዎች በእንግድነት ብቻ ሳይሆን በመምህርነት ይጋበዙ፤ ተማሪዎቻችንም ቁጥሩን በማስላት ያግዟቸው።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሦስት ጥያቄዎችን እሰጣችኋለሁ። ማንኛውንም ማሽን ስታዩ ጠይቁ፦ የሠራው ሰው ምን ችግር ገጠመው? ምን መረጠ? ስለ ምርጫውስ ምን አጣ? ሦስቱን መመለስ ስትችሉ ማሽኑ የእናንተም ይሆናል፤ የትም አገር ቢሠራ። ያን ጊዜ «የምትወደው ሞተር የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ የምትመልሱት ስም ብቻ አይሆንም፤ ምክንያትም ይኖራችኋል። ምናልባትም አንድ ቀን ከእናንተ መካከል አንዱ የሠራውን ሞተር ሌሎች ከፍተው ሐሳቡን ያነብቡበት ይሆናል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።